ድምፅሽ ተዘግቷል

ሰኞ ማታ ማታ፣ አሥራ ሁለት ሲል፣
ታርቱ በረዶዋን መስኮቴ ላይ ስትጥል፣
አሥራ አንድ ሳጥኖች ስክሪኔን ሞልተው፣
አሥራ አንድ ስሞች በየሳጥኑ ገብተው፣
ሰብሳቢዋ እኔ፣ ማሪካ ነው ስሜ፣
ንግግር የማልጨርስ ውሃ ሳልጎነጭ ደጋግሜ።

ሥራችን ካርታ ነው፤
አምቡላንስ የሚያልፍበት የገጠር ጎዳና፣
የቱ ድልድይ ቆሟል፣ የትኛው ተሰብሯል፣ የቱ መንገድ ቀና።
እኔ ግን ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ስብሰባ
ሩብ ሰዓት አወራለሁ፤ ከዚያ ስለሚቀጥለው ስብሰባ፤
ከዚያ «ትሰሙኛላችሁ?» — አንዱ ቃል ሳይወጣ ሌላው ሲገባ።

ኤሌውቴሪዮ ከፑንታ አሬናስ ምሳውን ያኝካል፤
ከጀርባው ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል።
ቶርፊን ከቦዶ «አዎ» ይላል ሌላ ገጽ እያየ፣
ዓይኑ ወደ ግራ ሄዶ ከቃሉ እንደተለየ።
ከታች፣ በጥጉ ላይ፣ ጥቁር ሳጥን አለች፣
ፊቷን ያልከፈተች፣ ስም ብቻ የሰቀለች፤
ሊጋያ፣ ከኢሎኢሎ። እዚያ ሌሊት ነው፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤
ከጎኗ ሕፃን ልጅ፣ ከማዶ እናቷ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል።
እንዳትቀሰቅሳቸው ድምፅዋን ዘግታለች፤
«ሊጋያ፣ አለሽ?» እላለሁ፤ «አለሁ» ብላ ትጽፋለች።
ጽፋ ሳትጨርስ ሌላ ርዕስ ገብቻለሁ።
ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤
የኔ ግን በሳተላይት ተጭኖ ሦስት አህጉር ያዳርሳል።

አንድ ሰኞ ታዲያ
ዛፍ ገመድ ላይ ወድቆ ሰፈሩ ጨለመ፤
«ሦስተኛው ነጥባችን—» እንዳልኩ መስመሩ ቆመ።
በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የማይሰማኝ ስክሪን ፊት፣
እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቀጠልኩበት።

በሃያ ደቂቃ መብራቱ ሲመለስ
ይቅርታዬን ይዤ ሳጥኖቹ ዘንድ ብደርስ
ማንም የለም። ባዶ ነው። ስብሰባው አልቋል።
አንድ ጽሑፍ ብቻ፣ አጭር፣ ተቀምጧል፦

«ኤሌውቴሪዮ የሳተላይቱን ምስል ያወጣል፣ ዛሬ።
ቶርፊን ካርታውን ያርማል፣ አሁኑኑ፣ ያለ ወሬ።
የወንዙ ድልድይ ፈርሷል። ለሾፌሮቹ እኔ ደውያለሁ።
ሦስት ሳምንት ጽፌ ነበር። ሊጋያ።»

ሦስት ሳምንት።
ወደ ኋላ ሄጄ የድሮውን መልእክት ፈለግኩ፣ ገለበጥኩ፤
«አለሁ» ካለችው ቀጥሎ ያለውን ያኔ ነው ያነበብኩ፦
«አለሁ። ድልድዩ ግን የለም።»
በሚቀጥለው ሰኞ፦ «አለሁ። ድልድዩን አያችሁት?»
በሦስተኛው፦ «አለሁ» ብቻ።

ስንት አምቡላንስ ወንዙ ዳር ደርሶ ዞረ?
አንድ ነው አሉኝ፤ ሴትዮዋ በሰላም ወለደች፣ ልጁም አደረ፤
በዞረበት ጥምዝ መንገድ ላይ ግን የኔ ንግግር ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ወደ ስምንት ሳብኩት፤
ለእሷ ምሽት ሁለት፣ ለእርሱ ጠዋት ሦስት፣ ችግሩን ለሁሉም ቆረስኩት።
ነጥቡን ዓርብ እልካለሁ። ሰኞ ስንገናኝ
አምስት ደቂቃ ዝም ብለን እናነባለን፤ መጀመሪያ ዝምታው አስጨነቀኝ፤
አሁን ግን ሳል፣ የወረቀት ኮሽታ፣ የወንበር ሲጢጥታ፣
የዚያ የቆርቆሮ ነፋስ — ሥራ ነው፣ በጸጥታ።
ከዚያ የመሸበት ሰው ይጀምራል፤
ቀን ያለው ይጠብቃል፣ ቀኑ መች ያልቅበታል።
ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፦ ይኸው ተጽፎ ካለቀ
የተረፈው ሰዓት የሰው ነው፣ ከእጄ ተላቀቀ።
(አልዋሽም፣ አንዳንዴ ያሳክከኛል፤
ለሃያ ደቂቃ የተዘጋጀ ቀልድ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።)

ዛሬ ሊጋያ ፊቷን ከፍታለች። ልጇ ጭኗ ላይ ነው፤
የማዳመጫዋን ገመድ በሁለት ጥርሱ ያዘው።
እያወራች ሳለ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤
ኤሌውቴሪዮ አየኝና ሳቀ፦ «ማሪካ፣ ድምፅሽ ተዘግቷል።»

አውቃለሁ።
የዘጋሁት እኔ ነኝ።